አባ ሹካና የኋላው ሚዛን

ዕውቀትና ልማድ በአንድ ቤት ብዙ ዘመን አብረው ሲኖሩ ልማድ ባለቤት ይሆናል፤ ዕውቀት ግን እንግዳ ትመስላለች። እንግዳይቱ "ይህ ግድግዳ ዘሟል" ብትል፣ ባለቤቱ "ዕድሜዬን በሙሉ የኖርሁበትን ቤት አንቺ ልትነግሪኝ ነውን?" ብሎ ይቆጣል። ግድግዳው ግን የማንንም ቁጣ አይሰማም፤ ቀኑ ሲደርስ ይወድቃል። የአባ ሹካም ነገር ወደዚህ የተቃረበ ነበረ።

"አባ ሹካ" የሚለውን ቅጽል ያወጡላቸው የመጋዘኑ ወዛደሮች ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፎርክሊፍት ነድተዋል። በማሽኑ ሁለት የብረት ሹካዎች ከጣራ ሥር ካለ መደርደሪያ የመስተዋት ሣጥን ሲያወርዱ፣ የተኛ ሕፃን ከአልጋ የምታነሣ እናት ይመስሉ ነበር። ወዛደሩ ሥራውን አቁሞ ያያቸዋል፤ እሳቸውም መታየታቸውን ያውቃሉ፤ ማወቃቸውንም አይደብቁም።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሥራ ሲወጡ ዝናብ ድንገት ወረደ። ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት ወዳለችው ሻይ ቤት ሮጠው ከቆርቆሮው ጥግ ቢጠለሉ፣ አንዲት ወጣት ሴት አንድ ሸክም ቢጫ ሰደርያ ታቅፋ እዚያው ቆማ አገኙ። ዘወር ስትል የእህታቸው ልጅ ሆና ተገኘች። አባቷ በሕፃንነቷ ስለ ሞተ፣ ከፊደል እስከ ኮሌጅ ያደረሷት እሳቸው ነበሩ። ተመርቃ ሥራ መያዟን ያውቃሉ፤ የሥራዋን ዓይነት ግን አንድም ቀን በቅጡ ጠይቀዋት አያውቁም።

"አንቺ! በዚህ ዝናብ ምን ታደርጊያለሽ? ይህ ሁሉ ልብስስ የማን ነው?"

"ጋሼ! እንደምን ዋሉ? የሥራ ዕቃ ነው። እርስዎስ ምን ሆነው ነው? ፊትዎ ከሰማዩ ብሶ ጠቁሯል እኮ።"

"ይጥቆር እንጂ! ግቢ፣ ሻይ ልጋብዝሽና የሆዴን ልንገርሽ።"

በሻይ ቤቲቱ ውስጥ፣ እግሮቹ ወደ መካከል በገቡ ረጅም አግዳሚ ወንበር አንድ ጫፍ ላይ፣ ትከሻው በር የሚዘጋ አንድ ሰው ዳቦ እየነከረ ይበላ ነበር። እሱም ወዛደር ሲሆን፣ ክብደቱ ከመቶ ኪሎ ስለሚያልፍ "ድንጋዩ" ይሉታል። ከአባ ሹካ በዐሥር ዓመት ያንሳል፤ ከእሳቸው ጋር ሲሠራ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሥራውም እንዲህ ነበረ። ማሽኑ የሚችለው ሦስት ቶን ነው። ከዚያ የከበደ ጭነት ሲመጣ የፊቱ ይከብድና የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ይነሣሉ። ያን ጊዜ አባ ሹካ "ድንጋዩ የት አለ?" ብለው ይጣራሉ። ድንጋዩም ከማሽኑ ጀርባ ይወጣና ሚዛን ሆኖ ይቀመጣል፤ ኋላው ይረጋል፣ ጭነቱም ይነሣል። ወዛደሩ ያጨበጭባል። ይህ በዚያ መጋዘን እንደ ትልቅ ጥበብ ይቆጠር ነበር።

አባ ሹካ በአግዳሚው ሌላ ጫፍ ተቀመጡ፤ ልጅቱ ከፊታቸው በርጩማ ሳበች።

"እነሆ" አሉ አባ ሹካ፣ "ትናንት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ደብዳቤ ለጠፉብን። ሰኞ ጠዋት ለሥልጠና ያልተመዘገበ ነጂ ቁልፍ ያስረክባል ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳሁ ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን ተደርድሬ 'ይህ መሪ ነው፣ ይህ ፍሬን ነው' ልባል? እኔስ ቁርጤን አውቄያለሁ። ቁልፉን ወርውሬላቸው ቤቴ እገባለሁ።"

"ሌላ ሥራስ?"

"በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? ግን ክብሬን ይዤ እቀመጣለሁ። ደግሞ የሚያሠለጥነው ሰው ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣ፣ ጢም እንኳ ያላበቀለ ሳይሆን አይቀርም።"

"ጢምስ የለውም" አለች ልጅቱ፣ ብርጭቆዋን ዝቅ አድርጋ እያየች።

"አየሽ! ታውቂዋለሽ ማለት ነው?"

"አውቀዋለሁ፣ ጋሼ። እኔ ነኝ።"

ድንጋዩ የጎረሰው ዳቦ ትን አለው። ጀርባውን መምታት የሚገባቸው አባ ሹካ ነበሩ፤ ግን እጃቸው አልታዘዝ አላቸው።

"አንቺ? በአንቀልባ ያዘልሁሽ? 'ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች' ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ትንቢት ኖሯል!"

"ጋሼ፣ አይቆጡ። እርስዎ ባያስተምሩኝ ኖሮ የማሠለጥነው ከየት አመጣ ነበር? 'ከመጠምጠም መማር ይቅደም' እያሉ አይደል ያሳደጉኝ?"

"ለአንቺ ነው እንጂ ለራሴ ነው ያልሁት?"

አንባቢ እዚህ ላይ በአባ ሹካ አይፍረድባቸው። ምክር በእጃችን ሳለ የምንዘራው በጎረቤት እርሻ ነው፤ የራሳችንን ማሳ ብዙዎቻችን ጦም እናሳድረዋለን።

"እስቲ መልሽልኝ" ብለው ቀጠሉ። "በሃያ ሁለት ዓመት ሰው ገጭቼ አውቃለሁ?"

"ኧረ አያውቁም።"

"ዕቃስ ሰብሬ?"

"ጥቂት።"

"ጥቂት ማን አለሽ?"

"እናቴ። ያ የሰሃን ሣጥን..."

"እሱ ከሣጥኑ ሥር ያለው የፓሌቱ ጥፋት ነው! እንጨቱ በስብሶ ነበር። ነገር አታዙሪ። ሃያ ሁለት ዓመት ያልደረሰ ነገር ዛሬ ለምን ይደርሳል?"

"በሃያ ሦስተኛው ዓመት አይደርስም የሚል ውል ከማን ጋር አለዎት፣ ጋሼ?"

"ከፈጣሪዬ ጋር። አማትቤ ነው ቁልፍ የማዞረው።"

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ማማተቡስ አይቅር" አለች። "ግን ዓይን የሰጠን እሱ፣ ጆሮ የሰጠን እሱ። ዓይናችንን ጨፍነን 'ጠብቀን' ብንለው ልመና ነው ወይስ መፈታተን? ከመቅደሱ ጫፍ ላይ 'ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል' ያለው ማን እንደ ሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

አባ ሹካ ሻያቸውን አማሰሉ፤ ስኳሩ ግን ከሟሟ ቆይቷል። እውነት ነው፤ የጥንቱ ሕግ እንኳ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዘዘው፣ የእግዚአብሔር ጥበቃ ስላነሰ አልነበረም። የወንድምህ ደም በእጅህ እንዳይገኝ ብሎ ነው። ጥንቃቄ የእምነት ተቃራኒ አይደለችም፤ እህቷ ናት።

"ይሁን" አሉ በመጨረሻ። "ግን እናንተ የምታመጡት ሥነ ሥርዓት ሥራ ያዘገያል። ቀበቶ እሰር፣ ክላክስ ንፋ፣ ዞረህ ጎማ እይ... መኪናው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ አለቃችን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ 'ቶሎ ቶሎ' ነው ስሙ።"

"'ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል' ይባል የለም?"

"ተረቴን በሙሉ ሰርቀሽኛል ማለት ነው!" አሉና ሳያስቡት ሳቁ።

ልጅቱ አልሳቀችም። "እናቴ የነገረችኝን፣ ጋሽ ድንጋዩን ከኋላ ማስቀመጡንስ ምን ይሉታል?"

የአባ ሹካ ፊት በራ። "እሱማ ጥበብ ነው! ከየትም መጽሐፍ አታገኚውም። ድንጋዩ ካለ የማይነሣ ዕቃ የለም። አይደለም እንዴ፣ ድንጋዩ?"

ድንጋዩ ግን "ሻይ ልድገም" ብሎ ብድግ አለ።

ያን ጊዜ የሆነው በዓይን ጥቅሻ ውስጥ ሆነ። ድንጋዩ የተቀመጠበት ጫፍ ሽቅብ ሄደ፤ የአባ ሹካ ጫፍ ቁልቁል ወረደ። እሳቸውም ከነክብራቸው ከሻይ ቤቲቱ ወለል ላይ ተዘረፈጡ፤ ሻዩ ከደረታቸው ላይ፣ ብርጭቆው ከጭናቸው መካከል። አስተናጋጇ አፏን በእጇ ያዘች።

ልጅቱ ዘላ አነሣቻቸው፤ ደረታቸውን ከያዘቻቸው ሰደርያዎች በአንዱ ጠረገችላቸው። "ተጎዱ? ወገብዎ ደኅና ነው?"

"ወገቤስ ደኅና ነው። ይህ ግን በሬ መነሣቱን አይናገርም?"

"ጋሼ" አለች ልጅቱ፣ እጃቸውን ሳትለቅ፣ "አሁን የተነሣው ከወንበር ነው። ከማሽኑ ጀርባ ቢነሣስ? ወይ ቢያንሸራትተው፣ ወይ ደንግጦ ቢዘል? ጭነቱ ወደ ፊት ይወርዳል፤ ከፊት የቆሙት ወዛደሮች ከሥሩ ይሆናሉ። ቢቀመጥም አያድነውም፤ ማሽኑ ፊቱን ሲደፋ እሱን እንደ ጠጠር ይወረውረዋል። ማሽኑ በጀርባው የተሸከመው ብረት ተመዝኖ፣ በብሎን ታስሮ የተሰጠው ነው። ሰው ግን አይታሰርም፤ ነፍስ ያለው ሁሉ ይንቀሳቀሳል።"

"ድንጋዩ አይዘልም!" አሉ አባ ሹካ። "ዐሥራ አንድ ዓመት ሲቀመጥ አንድ ቀን ተነቃንቆ አያውቅም። ንገራት እንጂ!"

ድንጋዩ ባዶ ብርጭቆውን እንደ ያዘ ቆሞ ነበር። ያ ሁሉ ሰውነት ድንገት የሚገባበት ያጣ መሰለ።

"ባለፈው ወር ልዘል ነበር" አለ።

"ምን?"

"የጀነሬተሩ ዕለት። ጎማው ሲነሣ እግሬ አየር ላይ ቀረ። ልዝለል አልሁ፤ ከፊት ስድስት ሰው ነበረ። አንዱ የባለቤቴ ወንድም ነው። ልቀመጥ አልሁ፤ ልቤ ከአፌ ሊወጣ ደረሰ። ዓይኔን ጨፍኜ 'አቤቱ፣ ልጆቼን' አልሁ። እርስዎ ሲያወርዱት ነው የገለጥሁት።" አንገቱን ደፋ። "የዚያን ዕለት ብቻ አይደለም፣ ጋሼ። በወጣሁ ቁጥር ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?" አሉ አባ ሹካ።

"ምን ብዬ? እርስዎ በሰው ሁሉ ፊት 'ድንጋዩ ካለ የማይነሣ የለም' እያሉ ሲያመሰግኑኝ... እኔ በሕይወቴ በሌላ ነገር ተመስግኜ አላውቅም። ምስጋናው ጣፈጠኝ፤ ፍርሃቱን ዋጥሁት።"

አባ ሹካ ያን ሰውዬ ፊት ለፊት ገጥመው ያዩት ያን ዕለት መሰላቸው። ጎማ ሲያይ፣ ሰንሰለት ሲሰማ፣ የሣጥን ክብደት በዓይኑ ሲገምት የኖረ ሰው፣ ከጀርባው የተቀመጠውን ወንድሙን ዞሮ አላየውም ነበር። ክርክር ያላሸነፈው ልብ በእንዲህ ያለ ቃል ይሸነፋል፤ የልጅቱ ምክንያት በሩን አንኳኳ፣ የድንጋዩ እንባ ያዘለ ድምፅ ግን ከፈተው።

የወደቀውን ብርጭቆ ከወለሉ አንሥተው፣ "ፈተና አለው?" ሲሉ ጠየቁ።

"አለው፤ በጽሑፍም፣ በተግባርም።"

"ብወድቅስ?"

"ይደግማሉ።"

"ወዛደሩ ይስቅብኛል።"

"አሁንም እኮ ወድቀዋል፣ የሳቀ የለም" አለ ድንጋዩ።

"አንተ ዝም በል፤ ወንበር እንኳ በሰላም የማያስቀምጥ" አሉት፤ ግን እጃቸው ትከሻው ላይ ነበረ።

ሰኞ ጠዋት አባ ሹካ ከሁሉ ቀድመው ተመዘገቡ።

ሥልጠናው ስምንት ቀን ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ከማሽኑ ጎን ስለ ተለጠፈችው የብረት ሰሌዳ ተማሩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቅባት ሲጠርጉባት የኖሩት ሰሌዳ ናት። ማሽኑ ሦስት ቶን የሚችለው የጭነቱ መካከል ለሹካው ሥር ሲቀርብ ብቻ መሆኑን፣ ክብደቱ ወደ ጫፍ በራቀ ቁጥር የሚችለው እያነሰ መሄዱን ያን ዕለት ሰሙ። "ለካ ሰሌዳዋ ስትናገር ኖራ አፏን እየጠረግሁ ዝም አሰኝቻታለሁ" አሉ።

በአራተኛው ቀን ግን ጠብ ተነሣ። "ማሽኑ ቢገለበጥ ምን ያደርጋሉ?" ለሚለው ጥያቄ "እዘላለሁ" ብለው ጽፈው ኖሮ፣ ወረቀታቸው በቀይ ተሠርዞ ተመለሰላቸው።

"የኔታ!" አሉ ተነሥተው፤ በክፍል ውስጥ እንዲያ ሊጠሯት ራሳቸው ወስነው ነበር። "ቤት ሲፈርስ እቤት ተቀመጥ ይባላል እንዴ?"

"ቤት ሲፈርስ ይወጣል። ማሽን ሲገለበጥ ግን የሚዘለው ሰው የሚያርፈው የማሽኑ ጣራ በሚወድቅበት በኩል ነው፤ ከማሽኑ ፈጥኖ የሚያመልጥ እግር የለም። ቀበቶው የታሰረ ሰው መሪውን ጨብጦ፣ እግሩን አጽንቶ፣ ከውድቀቱ ተቃራኒ ዘንበል ብሎ በመቀመጫው ይቆያል። ጣራው የተሠራው ለእሱ ነው።"

አባ ሹካ ቆመው አሰቡት። "ነፍስ ዝለል ትላለች፤ ትምህርት ተቀመጥ ትላለች" አሉ። "ነፍስ ደንጋጣ ናት፤ ትምህርት ትሻላለች።" ተቀምጠውም ጻፉት።

በስድስተኛው ቀን ልጅቱ አብረዋቸው በሚሠለጥኑት ስምንት ነጂዎች ፊት ጠራቻቸው። "የላላ ሰንሰለት በጆሮዎ ብቻ እንደሚለዩ አውቃለሁ። ለእኛም ያስተምሩን፤ በመጽሐፍ የለም።" አባ ሹካ ቆባቸውን አወለቁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰንሰለቱ ሲጠብቅ፣ ሲላላና ሲደርቅ የሚያሰማውን ድምፅ እያሰሙ አስተማሩ። አዲስ ዕውቀት የቀድሞውን እንደማያባርር፣ ቦታውን እንደሚያሳየው ብቻ ያን ዕለት ገባቸው። ፈተናውንም አለፉ፤ በስንት እንዳለፉ ግን ለማንም አልተናገሩም።

ከዚያ ወዲህ በመጋዘኑ ብዙ ነገር ተለወጠ። ጠዋት ማሽኑ ሳይነሣ አባ ሹካ ይዞሩታል፤ ጎማ፣ ሹካ፣ ሰንሰለት፣ የዘይት ጠብታ፣ ፍሬን፣ ክላክስ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ በፊት ግን ማሽኑ በሥራ መካከል ቆሞ ግማሽ ቀን ይበላ ነበር። ጭነት ይዘው ሲሄዱ ሹካው ከመሬት ስንዝር አይርቅም፤ በተነሣ ሹካ ሥር የሚያልፍ ወዛደር ቢኖር ማሽኑን አቁመው ይወርዱበታል። ድንጋዩ ሠልጥኖ ፊሽካና ቢጫ ሰደርያ ተሰጠው፤ አሁን ከጀርባ አይቀመጥም፣ ነጂው ከሚያየው ርቀት ቆሞ በእጁ ምልክት መንገድ ያሳያል። ሚስቱም ባሏ ሌሊት መባነኑን እንደ ተወ ለጎረቤት አውርታለች።

እውነተኛው ፈተና ግን የመጣው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

አንድ ከባድ መኪና የብረት መቁረጫ ማሽን በትልቅ የእንጨት ሣጥን ጭኖ መጣ። ወረቀቱ "ሦስት ቶን" ይላል። አባ ሹካ ሹካውን አስገብተው አንድ ጣት ያህል ብቻ አነሡት፤ የኋላ ጎማዎቹ ሊነሡ ሲሉ መሪው ቀለላቸው። ቀስ ብለው መልሰው አወረዱ፤ ሹካውን አውጥተው መሬት አስነኩት፤ ሞተሩን አጥፍተውም ወረዱ።

"ሰውዬ" አለ የከባዱ መኪና ሾፌር፣ "ለእንዲህ ያለው ሁለት ሰው ከኋላ ይሰቀላል! በየሄድሁበት እንዲያ ነው የሚያነሡት።"

"ሲያነሡ አይተሃል" አሉት። "ሲወድቅ ግን ቆመህ አልጠበቅህም፤ ዕቃህን አራግፈህ ትሄዳለህ።"

'ቶሎ ቶሎ' የሚሉት አለቃ እየሮጠ መጣ። "ምን ሆነ? ወረቀቱ ሦስት ይላል፣ ማሽኑ ሦስት ይችላል!"

"ወረቀቱ ይላል፤ ጎማው ግን አይልም።"

"አባ ሹካ፣ መኪናው ከቀትር በፊት መውጣት አለበት። ወይ ያንሡ፣ ወይ ቁልፉን ይስጡኝና ሌላ ሰው ያነሣዋል!"

ወዛደሩ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያይ ጀመር። አባ ሹካ ቁልፉን በመዳፋቸው ዘረጉ። ይህ ቁልፍ ከተወሰደ እንደማይመለስ ያውቃሉ፤ የሚቀጥራቸው ሌላ ሰው እንደሌለም ያውቃሉ።

"ይውሰዱት፣ ጌታዬ" አሉ። "ያን ጊዜ ላለመማር ብዬ ልጥለው ነበር፤ ዛሬ ስለ ተማርሁ ብጥለው አያሳዝነኝም። ግን ይህን ሣጥን ማንም ሰው ቢያነሣ፣ ከኋላ የሚወጣ ሰው አይኖርም። ከሁሉ በፊት ዕቃውን የላኩትን ሰዎች ደውለው ይጠይቁልኝ።"

ቶሎ ቶሎ ቁልፉን አየ፤ እሳቸውን አየ፤ ከዚያም ስልኩን አወጣ። ሲናገር ድምፁ ትልቅ ነበረ፤ እየቆየ አነሰ። "ሦስት ቶን ያላችሁት ማሽኑን ብቻ? ...ከሥሩ ያለው የብረት መቀመጫስ? ...ቶን ተኩል?" ስልኩን ዘግቶ፣ "ከዚህ የሚበልጥ ትልቅ ማሽን አስመጣለሁ" አለ። የአባ ሹካንም ጣቶች በራሱ እጅ በቁልፉ ላይ አጠፈላቸው። ሾፌሩ ካርቶን አንጥፎ ከመኪናው ጥላ ሥር ጋደም አለ፤ ለካ መጠበቅ ይቻላል።

የዚያን ቀን የዘገየው ሦስት ሰዓት ነበረ። ሦስት ሰዓት በሌላ ቀን ሥራ ይካካሳል፤ ሰው ግን በምን ይካካሳል? የደንብ ጥቅሙ ይህ ነው። ብልህ ለሆነውም ላልሆነውም፣ ለጀግናውም ለፈሪውም፣ ሁሉም ወደ ቤቱ እንዲገባ ቀድሞ የተቆረጠ ምክር ነው።

ትልቁ ማሽን እስኪመጣ አባ ሹካና ድንጋዩ ከባዶ ፓሌቶች ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"አራት ቶን ተኩል" አለ ድንጋዩ ቀስ ብሎ።

"አራት ተኩል።" አባ ሹካ ዞረው ፊቱን አዩት። "ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።"

"የምን ይቅርታ ነው፣ ጋሼ?"

"የዐሥራ አንዱን ዓመት።"

"ኧረ እኔም አለሁበት..."

"አንተስ ፈርተህ ነው፤ እኔ ግን አልጠየቅሁህም። ይቅር በለኝ።"

ድንጋዩ ዓይኑን በሰደርያው ጫፍ ጠረገ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለ።

በዚያ መካከል የትልቁ ማሽን ክላክስ ከበሩ በኩል ተሰማ። ሁለቱም ተነሡ፤ ድንጋዩ እጁን በአባ ሹካ ደረት ፊት ዘረጋ፤ አባ ሹካም ያለ አንዳች ክርክር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱና ማሽኑ እስኪያልፍ ድረስ የማሽን መንገድ ከሚያመለክተው ቢጫ መስመር ውጭ ቆሙ።